ለነጩ ነብር ሲባል

መንግሥት የሾመው ሰው አይሳሳትም፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ አብሮት ይሾማል። ለዚህ ሕያው ምስክር በቤንጋል ተራሮች ግርጌ ያለው የነብር ጥብቅ ደን ኃላፊ፣ ናራዮን ባቡ ናቸው፤ "ባቡ" በዚያ አገር "ጌታዬ" እንደ ማለት ነው።

ናራዮን ባቡ ባለመስመሩ ነብር ከጠፋ ወዲህ ደኑን በትጋት ሲጠብቁ ኖረዋል። ደኑ ሰሌዳ አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ዓመታዊ የነብር በዓል አለው። የጎደለው ነብሩ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለበዓሉ አያስፈልግም።

ሚኒስትሩ ሊጎበኙ ነው ሲባል የዛፉ ግንድ ሁሉ እስከ ወገቡ ኖራ እንዲቀባ ታዘዘ። እዚያ አገር ሹም ሲመጣ ዛፍ ኖራ ይቀባል፤ ለምን እንደሆነ ዛፉም ሹሙም ጠይቀው አያውቁም። ዘበኞቹ ሕገወጥ አዳኝ መከታተሉን ትተው ብሩሽ ጨበጡ።

በዚህ መሀል አንድ ጎረምሳ ነብር ከቡታን በኩል ወንዙን ተሻግሮ መጣና ኩሬው ዳር የኖራ ባልዲ አገኘ። በአፍንጫው ገፋው፣ ሲንከባለል ተከተለው፣ በጀርባው ተንጋሎ በአራት እግሩ አቀፈው። ናራዮን ባቡ ዛፍ ላይ የታሰረው ካሜራ ያነሳውን ሲያዩ እንባቸው መጣ። ነብር እንደ ሕፃን ሲጫወት ማየት ደስ ይላል። ቀጥለው ግን ነጭ መሆኑን ልብ አሉ፤ በዚያው ቀን መሥሪያ ቤቱ ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ብርቅዬ ነጭ ነብር መገኘቱን የሚያበሥር መግለጫ ወጣ።

ዘበኛው ቢመል ራሱን እያከከ ገባ። የዚያ አገር ሰው ነብርን በስሙ አይጠራም፤ አጎት የእህቱን ልጅ አይበላም ብሎ ይዛመደዋል።

"ባቡ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ አጎቴ ኖራ ተደፍቶበት ነው።"

"የምን ኖራ?"

"የዛፉ። ባልዲውን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

"መግለጫው እኮ ወጥቷል፣ ቢመል።"

"ዝናብ ቢመጣስ?"

"ዝናብ ከመግለጫ ይበልጣል?"

ዝናቡ ግን መግለጫውን አላነበበም፤ በጉብኝቱ ዋዜማ እንደ ጉድ ወረደ። በማግሥቱ ሚኒስትሩ ማማው ላይ ሆነው ሻይ ሲጠጡ ነብሩ ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለ፤ ብጫው ፈክቶ፣ መስመሩ ጠቁሮ። ባልዲውን ሲያገኝ ጭንቅላቱን ከተተበትና ሳያይ ኩሬው ውስጥ ተንቦጫረቀ። ቢመል ሳቀ። ናራዮን ባቡም ሊስቁ ምንም አልቀራቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ሚኒስትሩ።

"ነብር ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።"

"ነጩስ የታለ?"

"ኖራ ነበር" ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል፤ ሹመት ለማጣትም እንደዚያው።

"ነጩን ይሄ አስፈራርቶት ይሆናል፣ ክቡር ሚኒስትር" አሉ ናራዮን ባቡ።

"እና ተራ ነብር ብርቅዬውን ሲያሳድድ ዝም ትላላችሁ? ይባረር እንጂ።"

ቢመል ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። "ባቡ፣ ሌላ እኮ የለንም።"

"ዝም በልና ርችቱን አምጣ።"

ርችት ተተኮሰ፣ ቆርቆሮ ተቀጠቀጠ። ጎረምሳው ባልዲውን ጥሎ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ ያለው የሻይ እርሻ፣ ዘበኞቹ ዛፍ ሲቀቡ አዳኞቹ በእርጋታ የሽቦ ወጥመድ የዘረጉበት ነው። ከዚያ ወዲህ ነብሩን ያየው የለም። ተረቱ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይላል፤ እሷ ግን እንደ ናራዮን ባቡ አልተሸለመችም።

ደኑ ዛሬ የነጭ ነብር መጠበቂያ ሆኗል። ጎብኚ ነብሩ የት እንዳለ ሲጠይቃቸው ናራዮን ባቡ "ብርቅዬ ስለሆነ አይታይም" ይላሉ። በየጠዋቱ ግን ማንም ሳያዛቸው፣ ሽልማታቸውን ደረታቸው ላይ እንደሰኩ፣ አንድ ባልዲ ኖራ በጥብጠው ኩሬው ዳር ያስቀምጣሉ።

አንድ ቀን ቢመል አያቸውና፣ "ባቡ፣ ኖራውን እንኳ ይተዉት" አላቸው። "አጎቴ ባዶውንም ይወደው ነበር።"

ናራዮን ባቡ በዚህ ጉዳይ መግለጫ አልሰጡም።