የንጉሥ ኮልጉ ሠላሳ አንድ አባቶች

በኛ በአየርላንድ ድንጋይ ብትወረውሩ ወይ ላም ይመታል፣ ወይ ንጉሥ። ላሟ ዝም ትላለች፤ ንጉሡ ግን «የማን ልጅ መሰልኩህ!» ብሎ እስከ ኖኅ ድረስ ይቆጥርላችኋል።

የኔው ንጉሥ፣ ግርማዊ ኮልጉ፣ ከሁሉም ይብሳሉ። ግዛታቸውን ጠዋት የተነሳ ሰው ዞሮት ለምሳ ይመለሳል። ላሞቻቸው ሃያ ዘጠኝ፣ አባቶቻቸው ሠላሳ አንድ! እኔ ሩማን ዘር ቆጣሪያቸው ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር የአጃ ገንፎዬን ጥዬ እየተነሳሁ፣ ከሳቸው ጀምሬ ወደ ላይ ስቆጥር ኖሬያለሁ። «ኮልጉ የፋልቤ ልጅ፣ ፋልቤ የኤርክ ልጅ...» አንዱን ብዘል ወዮልኝ።

አንዴ አንድ ጨው ነጋዴ «ጌታዬ፣ ዝናብ ሳይመጣብኝ ልሂድ» ቢላቸው፣ «ገና አሥራ ሁለተኛው ላይ ነን፣ ቁጭ በል!» አሉት። ዝናቡ መጣ፣ ጨውም ሟሟ። «ዕድለኛ ነህ፣ ሁሉንም ሰማህ» ብለው ሸኙት።

አምና ግን ቤታችን ጨለመ። አንድ ለናቱ የሆነው ልጃቸው ዱናል፣ የተነዱብንን ላሞች ሊያስመልስ ወንዝ ተሻግሮ በጦር ተወግቶ ሞተ። ገና የሃያ ዓመት ልጅ፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ቢመጣም አያስቆጥሩኝም። አንድ ቀን ግን አስጠሩኝ።

«ሩማን፣ በመኸሩ ጉባኤ ዘር ስትቆጥር ልጄንም ጥራልኝ።»

«ጌታዬ፣ ሳይወልድ የሞተ አይጠራም እኮ። ወግ ነው።»

«ወጉን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? አውቀዋለሁ። እኔ ስሞት ግን ስሙን ማን ያነሳዋል?»

የማይገባ ስም የጠራ ዘር ቆጣሪ የሙያውን በትር ይነጠቃል፣ ዳግመኛም በጉባኤ አፉን አይከፍትም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሙያ የለኝም።

ጉባኤው ደረሰ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶታል። በትሬን ይዤ ተነሳሁ።

«ዱናል የኮልጉ ልጅ!» አልኩ።

ሳቅ በሳቅ ሆኑ። «ሽማግሌው ዞረበት!» አለ አንዱ። የጉባኤው ዳኛ ግን አልሳቀም።

«ሩማን፣ ከዱናል ማን ተወለደ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ጠራኸው?»

«አባቱ እዚህ ተቀምጠዋላ!»

ሳቁ ጠፋ። ዳኛው በትሬን ተቀበለኝ። የቀሩትን አባቶች ቁጠር ያለኝ የለም፤ ንጉሡም አላሉኝም። ፊታቸውን በካባቸው ሸፍነው «ዱናል፣ ዱናልዬ» እያሉ በሰው ሁሉ ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አርባ ዓመት ያንገሸገሹኝን ሰውዬ ለካ እንዲህ እወዳቸው ኖሯል። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አብሬያቸው አለቀስኩ።