የደብረ ብርሃን ብርድ ያሞቀው ባትሪ

እኛና መብራት ከተጣላን ቆይተናል። ቤት ውስጥ ሲጠፋ እንማረራለን፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ሲበራ ደግሞ ይብሱን እንማረራለን። የቤቱ ሲጠፋ «መቼ ይመጣል?» ብለን ጎረቤት እንጠይቃለን፤ የመኪናው ሲመጣ «እንዴት ይጠፋል?» ብለን መካኒክ እንለምናለን። ለምን በራ ብሎ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ አትቀየሙኝና፣ እንዳይታያችሁ ላዩ ላይ ፕላስተር ከምትለጥፉት ወገን ልትሆኑ ትችላላችሁ። የለጠፈ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ፕላስተሩ አምሮበት ነበር፤ ሞተሩ ግን ነደደ።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። መኪና ማን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ማንም። የስልክ ባትሪ የገባው ሰው የመኪና ባትሪ አይጠፋውም ብዬ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩት። ከዚያ የክብሪት ቀፎ የምታክል ስካነር ገዛሁ። ከመሪው በታች ትሰኳታላችሁ፤ የመኪናው ሆድ ዕቃ ስልካችሁ ላይ ይነበባል። ሃይብሪድ የሚባለው መኪና ደግሞ ሁለት ጉልበት አለው፤ አንዱ ቤንዚን ጠጥቶ የሚሮጥ ሞተር፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ጋ ተኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትልቅ ባትሪ። ቁልቁለት ላይ ይሞላል፣ ዳገት ላይ ያግዛል። ይህን ሁሉ የጠየቀኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ማስረዳት ስለምወድ ያልተጠየቅሁትን መመለስ ልማዴ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ እንዲህ ያለች አሮጌ ሃይብሪድ አለቻቸው። የሰፈሩ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና ሁሉ በእሷ ነው የሚሄደው። ከመስከረም ወዲህ ግን ውስጡ ቃለ አጋኖ ያለበት ቀይ ሦስት ማዕዘን እየበራባት አስቸገረች። ተጠራሁ፤ ስካነሬን ሰካሁ። ስካነሩ ያወጣው የስህተት ኮድ የኋላውን ባትሪ ከሰሰ። ጋሽ ታደለ «ተርጉምልኝ» አሉኝ። ተረጎምኩ። ሳላበዛው አልቀረሁም መሰለኝ፣ መሀል ላይ ወንበር አስመጡ።

«አንተ ኢንጂነር፣ በአጭሩ ንገረኝ» አሉ በመጨረሻ። «ታማለች ወይስ ትሞታለች?»

ባትሪዋ እያረጀ ነው አልኳቸው። ኮዱ ያለውን ነው ያልኩት። እዚህ ላይ የስካነርን ጠባይ ላስረዳችሁ። ስካነር እንደ ሰፈር ሰው ነው፤ ጩኸቱ ከየትኛው ቤት እንደተሰማ ይነግራችኋል፣ ማን ማንን እንደመታ ግን አይነግራችሁም። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ለየብቻ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው።

ጉዳዩ የመኪናዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የጋሽ ታደለ ልጅ ጎረቤላ፣ አንኮበር ወረዳ፣ የአንድ ገበሬ ልጅ ወዶ ሽማግሌ ተልኮለታል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሽማግሎቹን የጫነችው ይህችው መኪና ዳገቱ ላይ ቀዩን አብርታ አልንቀሳቀስም አለች፤ ሽማግሎቹም ከመንገድ ተመለሱ። የልጅቷ አባት በስልክ ብዙ አልተናገሩም። «ልጄን የሚፈልግ ቤት መንገድ ላይ አይቀርም» ብለው አንድ እሑድ ጨመሩ፤ ሌላ እንደማይጨምሩም አስታወቁ። የጋሽ ታደለ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም ይባል ነበር። እኔ ሲቀምስ አይቻለሁ፤ ግን በልቡ አልነበረም።

ሌላ መኪና ይከራዩ ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ጋሽ ታደለ ግን የሰው ልጅ ለመጠየቅ በሰው መኪና መሄድን እንደ ውሸት ቆጠሩት።

«አጥፋልኝ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መብራቱን ነዋ። ለአንድ እሑድ ብቻ።»

ይህ የጋሽ ታደለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥርሳችንን ሲያመን ማስታገሻ ውጠን በሌላኛው በኩል እናኝካለን። ስብሰባ ላይ «ችግር አለ» ያለውን ሰው «ጊዜ የለንም» ብለን እናስቀምጣለን። ባልና ሚስት ሲኳረፉ «እንግዳው እስኪሄድ» ይባባላሉ፤ እንግዳው ይሄዳል፣ ኩርፊያው ያድራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ትዝ የሚለን ለሌላ ሰው ስንመክር ነው። ማጥፋት ላይ ጎበዞች ነን።

አጠፋሁት። ኮዱን በስካነሬ ሰረዝኩት ማለት ነው። በአንድ ስምምነት ግን፦ ስካነሩ እንደተሰካ አብሬ ልሄድ፣ የባትሪውን ሙቀት መንገዱን ሁሉ በስልኬ እያየሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ጋሽ ታደለ መሪ ጨበጡ፤ የሙሽራው አባት በሽምግልና ላይ አፍ ባይኖረውም ሾፌር እንዳይሆን የሚከለክለው የለም። እኔ ከጎናቸው፣ ሦስቱ ሽማግሎች ከኋላ። የሽማግሎቹ አለቃ የሰፈራችን ቄስ መምሬ ኃይሌ ናቸው፤ በቀኝ በኩል ያለው ቦታ የእሳቸው ነው፣ ማንም አይነካውም። ወንበሩ ከመንዝ በመጣ ባና፣ በዚያ ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸፍኗል፤ የጋሽ ታደለ ባለቤት እትዬ ጌጤ በልኩ ሰፍተው ነው ያለበሱት። በባናው ላይ ሦስት ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ሦስት ጋቢ ተቀምጧል። ማሞቂያው እስከ ጥግ ተከፍቷል። የደብረ ብርሃን ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ብርዱን ደጅ ጥሎት አይገባም፤ ይከተለኛል ብሎ ይጠረጥረዋል።

ሜዳው ላይ እንደ ንጉሥ ሄድን። ዳገቱ ሲጀምር ስልኬ ላይ ያለው ቁጥር መውጣት ጀመረ። ከወንበሩ ጀርባም የተቆጣ ንብ የመሰለ ድምፅ መጣ። የባትሪው ማራገቢያ ነው። ስካነሩ ማራገቢያው በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው ይላል፤ ሙቀቱ ደግሞ አልወርድም ይላል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ማራገቢያው እየዞረ ነፋሱ የት ሄደ? ይህን እያሰብኩ ሳለ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ቦግ አለ፤ መኪናዋም ጉልበቷ ከዳት።

ጋሽ ታደለ ዳር ይዘው አቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ወደ ጎረቤላ የሚወስደውን ጉም የዋጠውን መንገድ ብቻ ያዩ ጀመር። ልጃቸው ስልክ ደወለ፤ አላነሡም።

ወርጄ የቀኙን የኋላ በር ከፈትኩና መምሬን ይቅርታ ጠይቄ አስወረድኳቸው። ድምፁን ተከትዬ እጄን ከባናው ሥር አስገባሁ። ከመቀመጫው ጎን፣ ሰው ሲቀመጥ ዳሌው በሚያርፍበት በኩል፣ ወንፊት የመሰለ የአየር ማስገቢያ አለ። መኖሩንስ ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ። የእኛው ግን ወንፊት አልነበረም፤ እንደ ጠርሙስ አፍ በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ ተወትፏል።

ማን ወተፈው ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ ነኛ» አሉ መምሬ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ከመስከረም ጀምሮ ጎኔን ሲመታኝ ነበር። ቀዳዳ ሲነፍስ እያዩ ዝም ይባላል እንዴ? ጌጤም ባናውን ከላይ ሰፋችልኝ፣ ትባረክ።»

ልፈርድባቸው አልቻልኩም። በእኛ ከተማ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈን፣ ሁለተኛ የመስኮቱን ጥግ መወተፍ ነው፤ ፊደል ሦስተኛ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሙቀት አመመው የተባለ ፍጡር ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ይህ ባትሪ ነው። ምስኪኑ ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ጋቢና አንድ ባና ተሸክሞ፣ አፍንጫው ተደፍኖ ዳገት ይወጣ ነበር፤ እኔም አረጀ ብዬ ፈርጄበት ነበር።

ባትሪው የሚተነፍሰው በዚህ ቀዳዳ እንደሆነ፣ እኛ የተቀመጥንበትን አየር እየሳበ ራሱን እንደሚያበርድ አስረዳሁ። ለአንዴ እንኳ አሳጠርኩት።

መምሬ ጋቢያቸውን አጥብቀው «እና አሁን ማን ይብረደው ነው የምትለው?» አሉኝ። «እኔን ወይስ እሱን?»

«እሱ ካልበረደው አንደርስም፣ አባቴ።»

መምሬ የጋሽ ታደለን ማጅራት አዩ። ሰውየው አሁንም መንገዱን እያዩ ነው። መምሬ ጎንበስ አሉና ጨርቁን በገዛ እጃቸው መዘው አወጡት፤ የባናውንም ስፌት በጥርሳቸው አላቀቁት።

«እንግዲህ ይብረደኝ» አሉ። «ሽምግልና የወጣሁት ልሞቅ አይደል።»

ማሞቂያው ተዘጋ፣ መስኮት ተከፈተ። አምስታችንም አንገታችንን አስግገን ስልኬ ላይ የሚወርደውን ቁጥር ጠበቅን፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር «ተመስገን» ይባላል። አንኮበር ስለ ብርዷ ስትመሰገን እኔ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሙቀቱ ሲበርድ መብራቱን አጠፋሁት። አሁን ማጥፋት ይገባኛል፤ የተናገረውን ሰምተነዋል።

ጎረቤላ ስንደርስ የልጅቷ አባት ደጃቸው ላይ ቆመው ፀሐይዋን ያያሉ። ገብተን ተቀመጥን። መምሬ ንግግር ሊጀምሩ ቢነሡ ጥርሳቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ ቃል አላወጣ አላቸው። ሰውየው ምነው አሉ። መምሬም ነገሩን እንዳለ አወጡት። «ባለፈው ያስቀረን ልጁም አይደለም፣ አባቱም አይደለም። ጎኔን እንዳይበርደኝ ብዬ እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው።»

አባትየው መምሬን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው። ሰውም ስካነር የሚሰካበት ቀዳዳ ቢኖረው ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው።

«የሚያባብል ሽማግሌ ብዙ መጥቶብኛል» አሉ በመጨረሻ። «የሚንቀጠቀጥ ገና ዛሬ አየሁ። ልጄ እሺ ካለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ።» ልጅቷ እሺ ካለች ዓመት እንዳለፋት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ግን እንደ አዲስ ተደሰትን።

ልንመለስ ስንል አባትየው ከጓዳ አንድ ነገር ታቅፈው ወጡ። ባና ነው። አዲስ፣ ከእትዬ ጌጤው እጥፍ የሚወፍር። የመኪናዋን በር ራሳቸው ከፍተው፣ ለመምሬ እያዘኑ ወንበሩ ላይ አነጠፉት። ከዚያ ወደ ቀኝ በኩል ዞሩና «ይነፍሳል ያላችሁት በዚህ ነው አይደል?» እያሉ ጫፉን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ አድርገው ቀዳዳው ላይ አጥብቀው ወሸቁት።

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ታደለ እግሬን ረገጡኝ።

ስንመለስ መምሬ ወደ ፊት ወንበር አደጉ፤ የቀኙ ቦታ ለእኔ ደረሰ። እስከ ደብረ ብርሃን በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ የባናውን ጫፍ ከቀዳዳው ላይ ገልጬ ይዤ መጣሁ። መምሬ ያላጋነኑት ነገር ቢኖር የዚያ ቀዳዳ ንፋስ ነው፤ ጎን ይመታል።

ዛሬ ባናው ተጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ሰጪው ሊጠይቁ ሲመጡ ብቻ ይነጠፋል። ቀዩም መብራት አልፎ አልፎ ይበራል። ጋሽ ታደለ ይጠሩኛል። እኔም እሄዳለሁ፤ ስካነሬን ግን ከኪሴ አላወጣም።

«የጎረቤላው ዘመድ መጥተው ነበር እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ።