ሁሉም ነገር ብርድ የሆነባቸው ፕሮፌሰር

በዚህ ዓለም ላይ በገዛ እግራቸው ሐኪም ቤት ሄደው የማያውቁ፣ ሐኪምን ሁሉ ግን የሚያርሙ ሰዎች አሉ። ሰፈር ያለ እነሱ ሰፈር አይሆንም። ሲያስነጥሱ ሰምተው ስለ ኩላሊትዎ ይነግሩዎታል፤ የዐይንዎን ቆብ ገልበው ጉበትዎን ያያሉ። የእኛ ሰፈር ድርሻ ከቤቴ ሥር ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን "ፕሮፌሰር" እንላቸዋለን። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ "ኧረ አይደለሁም" ብለው አያውቁም።

የፕሮፌሰር የሕክምና ትምህርት በሁለት ቃል ያልቃል፤ "ብርድ ነው።" ወገቤን ሲያመኝ ብርድ ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ድዷ ሲያብጥ ብርድ ነው። የባንኩ ዘበኛ ሚስቱ ጥላው ሄዳ እንቅልፍ ያጣ ጊዜ፣ ፕሮፌሰር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ ቀና ብለው አዩትና "በመስኮት የሚገባ ብርድ ነው" አሉት። ሰውየው መስኮቱን አስጠገነ። የሚገርመው እንቅልፉም መጣለት። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰርን ማን ይችላቸው።

ታዲያ ራሳቸው ታመሙ። መጀመሪያ ጎናቸው ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው፤ ያ በአንድ በኩል ብቻ ተሰልፎ የሚወጣው፣ እንደ እሳት የሚለበልበው። ሸሚዝ ሲነካቸው ጥርሳቸውን ይነክሱ ነበር። አስተማሪዋ ልጃቸው እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሽበታቸውን አየ፣ ሙሉ ልብሳቸውንና ከረባታቸውን አየ፣ ቅባት አዘዘና "አባቴ፣ ዕድሜ ነው" ብሎ ሸኛቸው። ፕሮፌሰር ተናደው ተመለሱ።

"ዕድሜ ይለኛል። ብርድ መሆኑን እንኳ አልለየውም" አሉኝ።

ቀጥሎ ሆዳቸው አልረጋ አለ። ልጃቸው ሌላ ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ ታይፎይድ ተባሉ። አልተሻላቸውም። ሌላ ዘንድ ሄዱ፤ ጨጓራ ተባሉ። በዚህ መሀል እየከሱ ሄዱ። የልብስ ሰፊ ክሳት ደግሞ ለሰው አይታይም፤ ሱሪው ሁልጊዜ በልኩ ነው። እኔም የደረስኩባቸው አንድ ቀን ሱቃቸው ስገባ የራሳቸውን ሱሪ ወገብ ሲያጠብቡ አግኝቼ ነው። የኋላ ኪሶቹ ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም።

"ፕሮፌሰር፣ እንደገና አጠበቡት?"

"የዘንድሮ ጨርቅ ነው። ሲታጠብ ይሰፋል።"

"ጨርቅ ሲታጠብ የሚጠብ አይደል እንዴ?"

"እሱ ድሮ ነው" አሉና ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኤችአይቪ የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹ አላነሱም፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሱቅ ወደ ቤት ብቻ የሚመላለሱ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ባለ ከረባት አዛውንት እንዴት ተብለው ይጠየቃሉ። ልጃቸውም አላነሳችም፤ ለአባት ይህን በምን አፍ ይሏል። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ በብርዱ ተስማምተን ነበር።

በመጨረሻ ሳል ጀመራቸው፤ ከሳሉም ትንፋሽ ማጠር መጣ። አንድ ከሰዓት የደንበኛ ኮት ሲለኩ እጅጌውን እንደያዙ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እኔና ደንበኛው ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። ኦክስጅን ተደርጎላቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጭምብሉን ገለጥ አድርገው ያሉት የመጀመሪያ ነገር "ያን መስኮት ዝጉት" ነው።

ከዚያ አንዲት ወጣት ነርስ መጣችና እኛን በትህትና አስወጣችን። ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እንድጽፈውም የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው፣ "ማዕረጌን እንዳትዘነጋ" ብለው።

"አባባ፣ ኤችአይቪ ተመርምረው ያውቃሉ?" አለቻቸው።

"እኔን ነው?"

"አዎ፣ እርስዎን።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ አያት ነኝ።"

"አያቶችንም እንጠይቃለን። የማንጠይቀው ሰው የለም።"

"የእኔ ብርድ ነው።"

"ብርዱንም እናየዋለን። ይሄን ግን ከፈቀዱልኝ አሁን ልመርምርዎት።"

ፕሮፌሰር የፈቀዱት ልጅቷን ሊያሳፍሯት ነበር። ጣታቸውን የዘረጉላት ክርክሩን አስቀድሞ እንዳሸነፈ ሰው ሆነው ነው። ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳየ፤ በሌላ ምርመራ ተደገመ፣ ያው ሆነ። የክፍሉ ሐኪም አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በቀስታ አስረዳቻቸው። ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ ዓመታት ቆይቷል። ያ ጎናቸው ላይ የወጣው ነገር ምልክት ነበር። ያኔ ተመርምረው ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጋ ላይ ባልተኙ ነበር። አሁንም ግን ሳንባቸው ይታከማል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጡ ከወሰዱም ገና ብዙ ልብስ ይሰፋሉ።

ለጥቂት ቀናት ፕሮፌሰር መስኮቱ ተከፍቶ ሲያድር እንኳ "ዝጉት" አላሉም። ይህ ከሕመማቸው በላይ ያስፈራ ነበር። አንድ ጠዋት ልጠይቃቸው ገብቼ ስቀመጥ፣ ጣሪያውን እያዩ "ባለቤቴ የሞተችው በሳል ነው" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"ብርድ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።"

"እሷንም የጠየቃት ሰው የለም" አሉ ቆይተው። "ማን ለማን እንዳስተላለፈ አሁን አይታወቅም። ቢታወቅስ ምን አደርግበታለሁ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ቢጠይቀን ኖሮ፣ ይሄኔ እሷ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትቆጣኝ ነበር።"

ልጃቸውም ተመረመረች። ምንም የለባትም። ይህን መጥታ ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብርድ ልብሱን ተከናነቡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እሷም ብርድ ልብሱን ከላያቸው እየሳበች "አባዬ፣ በቃ፣ ደህና ነኝ እኮ" ትላቸው ነበር።

ከወራት በኋላ ፕሮፌሰር ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሥጋቸው ተመለሰ፣ ድምፃቸው ተመለሰ፤ ዕውቀታቸው ግን ብሶበት ተመለሰ። አሁን ብርድ ቀርቶ ሁሉም ነገር ምርመራ ሆኗል። ልብስ ሊያስለካ የገባ ሰው ደግሞ የት ያመልጣል፤ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ኮቱ በሙሉ ስፒል ተሰክቶበታል።

"ተመርምረሃል?"

"ፕሮፌሰር፣ እኔ ሱሪ ላሳጥር ነው የመጣሁት።"

"ሱሪው ይደርሳል። አንተ ተመርምረሃል?"

ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ያዘዘ አንድ ሙሽራ፣ ከእጮኛው ጋር ተመርምሮ እስኪመጣ ግራ እጅጌውን አልገጥምም አሉት። ፖሊስ እጠራለሁ አለ። "ጥራ። እሱስ ሳይመረመር ይቀራል ብለህ ነው?" አሉት። ያቺ ነርስ ጋዋኗን ልታስጠብብ መጥታ ይህን ሰማችና "አባባ፣ ምርመራ እኮ በፈቃድ ነው" ብላ ገሠጸቻቸው።

"እጅጌ መግጠምስ በፈቃድ አይደለም?" አሉ ፕሮፌሰር።

ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ እጅጌው እዚያው ፊቷ ተገጠመ። ሙሽራውም በሳምንቱ እጮኛውን ይዞ በራሱ ፈቃድ ሄደ፤ የጎተተችው እጮኛው ናት የሚሉም አሉ።

ጨርቁን ያስመለሰ ደንበኛም አልጠፋም፤ "እሳቸው የነኩትን አልለብስም" አለ። ፕሮፌሰር ጨርቁን በጥንቃቄ አጣጥፈው ሰጡት፣ ልኩንም በቃላቸው ነገሩት፤ ሌላ ሰፊ እንዳያበላሽበት። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ይህን ሰምታ ለሰውዬው ዳቦ አልሸጥም ብላ ነበር፤ የለመኑለት ራሳቸው ፕሮፌሰር ናቸው።

የእኔም ተራ ደረሰ።

"እኔ ደህና ነኝ" አልኳቸው።

"እኔም ደህና ነበርኩ" አሉኝና ሱቃቸውን ዘግተው አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ነጭ የደም ሴሎች አስተማሩኝ፤ ግማሹ ስህተት እንደነበር በኋላ ነርሷ ነግራኛለች። ክሊኒኩ ደርሰን ተራ ስንይዝ ግን ፈራሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ ምናልባት ሲናገሩ ብሰማ ይቀለኛል ብዬ "ፕሮፌሰር፣ ውጤቱ ምን የሚሆን ይመስልዎታል?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ጠጋ አሉኝ። ስጠራ ኮቴን ተቀበሉኝ፤ አንዱ ቁልፍ ላልቶ ስለነበር ከራሳቸው ኮት ኮሌታ ላይ መርፌና ክር ሲነቅሉ እያየሁ ገባሁ።

ስወጣ ተነስተው ቆመዋል። አልጠየቁኝም። "ምንም የለብኝም" አልኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱና፣ ወዲያው ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ "ገና ከፊትህ አውቄው ነበር" አሉ። ኮቴንም አለበሱኝ። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲሰፉ የኖሩት ሰው የእኔን ቁልፍ ከቦታው ዝቅ አድርገው ጠማማ ሰፍተውታል። አላስፈታሁትም።