ዘጠኝ ዓመት ያልተጫነ ቆብ

ጎንደር ውስጥ ነገ የምትመነኩስ ባልቴት የሌለችበት ሰፈር የለም። አለ ካላችሁኝ ቤተ ክርስቲያን የሌለው ሰፈር ነው፤ እሱም ጎንደር አይደለም። ይህች ሴት ቆቧን አሰፍታለች፣ ለንስሐ አባቷ ነግራለች፣ ዓለምን ንቃለች። የቀራት አንዲት ትንሽ ጉዳይ ብቻ ናት። ያቺ ትንሽ ጉዳይ ግን ባለቀች ቁጥር ሌላ ትወልዳለች።

ለእኛ ለቁስቋም ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ እማዋይሽ ናቸው፤ የ«ይችን ላድርስና» እመቤት። እኔ ባዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቆባቸውን የሰፋሁት በእነዚህ እጆቼ ስለሆነ፣ ስለ እሳቸው ለመናገር ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

እትዬ እማዋይሽና እትዬ አበቡ አምባ ጊዮርጊስ አብረው አድገው፣ ጎንደር ተድረው፣ ባሎቻቸውን በየተራ ቀብረው፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ጣሊያን ሊወጣ ሲል የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ሲያወርድ፣ ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ተደፍተው ለቁስቋም ማርያም ተሳሉ። «ከዚህ ካወጣሽን በአንድ ቀን ቆብ እንጭናለን፤ አንዳችን ያለ አንዳችን አንጭንም» አሉ። ወጡ። ሁለት ቆብ አሰፉኝ። ሁለቱም ቆቦች እትዬ እማዋይሽ ሙዳይ ውስጥ ገቡና ዘጠኝ ዓመት እዚያው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ዓመት የእትዬ እማዋይሽ ላም ልትወልድ ነበር። «ይችን ላድርስና!» ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ታመመች። በሦስተኛው ዓመት የልጅ ልጃቸው ሰርግ ደረሰ፤ መነኩሴ ደግሞ እስክስታ አይወርድም። እትዬ እማዋይሽ ያን ቀን ሙሽራይቱን እስኪያስረሱ ድረስ ወረዱ። በአምስተኛው የንስሐ አባታቸው እንፍራንዝ ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ፤ አባ ሲመለሱ ጠላው ተጠንስሶ ነበር። «እኔ ከመነኮስሁ ማን ሊጠጣው ነው?» አሉ። በሰባተኛው ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ጭንቅላታቸው ስለወፈረ ቆቡ እንደማይገባ አስረዱኝ። በሜትር ለካሁት። ጭንቅላት እንደ ሆድ አይወፍርም ብላቸው፣ «አንተ ምን ታውቃለህ? በሐሳብ ይወፍራል» አሉኝ።

እትዬ አበቡም የዋዛ ሴት አይደሉም። ከሁለት ዓመት በፊት ደረታቸውን አሟቸው አልጋ ያዙ። ቄሱ ሊያናዝዟቸው በመጡ ቁጥር፣ «ቆቤን ሳልጭን አልሞትም! ስእለት አለብኝ» እያሉ ይመልሷቸዋል። እውነትም አልሞቱም። እኔ ግን በእትዬ እማዋይሽ አንጀቴ አረረ።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲያልቅ እትዬ አበቡ አስጠሩኝ። ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር ጎንበስ ብዬ ሰማኋቸው።

«ባዬ፣ በቃኝ። ለኅዳር ቁስቋም ቆቤን እጭናለሁ። ሂድና ለዚያች ሰነፍ ንገራት። እንቢ ካለች የእኔን ቆብ ትስጥህ፤ የስእለቱን ነገር እኔው ከማርያም ጋር እነጋገርበታለሁ።»

ተቆጥቼ ሄድሁ። እትዬ እማዋይሽ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ በመርፌ የቆብ ስፌት ይፈታሉ። የእሳቸውን ቆብ አይደለም። ጠባቡን፣ የእትዬ አበቡን።

«ምነው እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

ሊደብቁት ሞከሩ፤ ክሩ ግን ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል። «ይችን ላድርስና...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«እትዬ አበቡ እኮ ሊሞቱ ነው! ስእለታቸውን ሳይፈጽሙ ይሂዱ?»

«አትሞትም» አሉ። «ቆቧን ሳትጭን አትሞትም። አበቡ ያለችውን ታደርጋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ግትር ናት። ቆቧን የጫነች ለታ ግን ሸጋ፣ ጨረስሁ ብላ ትሄዳለች።» እንባቸውን በቆቡ ጠረጉ። «እኔስ ባዬ? እኔ ከማን ጋር ልነታረክ?»

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ጥርት ያለ ስንፍና ነበሩ፤ አልክድም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን እኚህ ሴት ጓደኛቸውን በሰበብ አስረው ነው ያቆዩዋቸው። እኚያን ዋሾ ባልቴት በዚያች ደቂቃ ወደድኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ መርፌውን ተቀበልሁና የቀረውን ስፌት ፈታሁላቸው።

ከዚያ ወደ እትዬ አበቡ ተመለስሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁ። «ስፌቱ ተተርትሮ ጨርቁም ተበላሸ። አዲሱ ጨርቅ በጭነት ማኪና ከአስመራ ነው የሚመጣው።»

«መቼ?»

«ለጥምቀት።»

እትዬ አበቡ ማንም ሳይደግፋቸው ቀና አሉ።

«አንተ የማትረባ! ልብስ ሰፊ ብለን አምነንህ! ከዚያች ሰነፍ ጋር ተማከራችሁብኝ አይደል?» ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና አፈጠጡብኝ። «ለጥምቀት ነው ያልኸው?»

«ለጥምቀት።»

«በል ያን አጥሚት አቀብለኝ። በባዶ ሆዴ ነው እንዴ የምጠብቅህ?»