የዝንብ ደም ያስገመገመኝ ዕለት

ዝንብ ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ደም አላት። አትቆጡ፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ የምለውን አውቃለሁ። እሷ ከሽንት ቤት ተነስታ ቆጮ ላይ፣ ከቆጮ ተነስታ ቁስል ላይ ስታርፍ ትውላለች፤ አንድ ቀን «አሞኝ ነበር» ብላ አታውቅም። እኛ ግን እሷ የነካችውን ቀምሰን «ታይፎይድ ነው» ተብለን ሳምንት እንተኛለን...

ወልቂጤ እያለሁ ለዘጠነኛ ክፍል ይህንኑ ነበር ያስተማርኩት። የዝንብ ደም ቀይ አይደለም፤ ውሃ መሳይ ነው። ግን ሥራ የማይፈቱ ፕሮቲኖች አሉበት። አንደኛው የገባውን ጀርም ለይቶ ይለጠፍበታል፣ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ተረባርበው ጀርሙን አጥቁረው በቁሙ ያሽጉታል። የቀሩት ደግሞ ቆዳውን ይበሳሱታል። ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ አልገባቸውም። ምሳሌ ፈለግሁ። አፌ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? «ልክ እንደ አንድ ለአምስት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ገባቸው። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደዚያ የተሳካ ምሳሌ ሰጥቼ አላውቅም፤ ምነው ባልሰጠሁ።

ለረሳችሁ ላስታውሳችሁ። አንድ ለአምስት ማለት አምስት ሠራተኛ በአንድ ጠርናፊ ሥር ተደራጅቶ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ምን አሰበ እየተባለ በየሳምንቱ የሚገመገምበት የዚያ ዘመን ፈሊጥ ነው። የእኔ ጠርናፊ የሥነ ዜጋ አስተማሪው ሽብሩ ነበር። ሽብሩ መጽሐፍ ሲገልጥ አይቼው አላውቅም፤ የሰው ወሬ የሚጽፍበት አጀንዳ ግን ከእጁ አይለይም። የዝውውር ቅጼ ላይ የሥነ ምግባር ነጥብ የሚሞላው ደግሞ እሱ ነው። ዝውውሩ ለእኔ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ባለቤቴ አልማዝ ቡታጅራ ነርስ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኔትወርክ ሲኖር ባልና ሚስት፣ ሲጠፋ ወንደላጤና ሴተላጤ ሆነን ኖረናል።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሽብሩ አጀንዳውን ገለጠ።

«አደረጃጀቱን ዝንብ ብለሃል።»

«ዝንብ አላልኩም። በዝንብ ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው ያልኩት።»

«ምን ለየው?»

«ፕሮቲን ጥሩ ነገር ነው።»

«ጥሩ ከሆነ ዝንብ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ምን ትሉታላችሁ? የሰውዬው ዲግሪ የት እንደታተመ እግዜር ይወቅ። ጥያቄው ግን አላለቀም ነበር።

«እሺ፣ ፕሮቲኖቹ እኛ ነን እንበል» አለ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ። «ጀርሙ ማነው?»

ደሜ ፈላ። የእኔ ደም ደግሞ ከመፍላት ሌላ ሥራ አያውቅም። ማንን ብዬ ልመልስ? የማንንም ስም ብጠራ ያ ሰው አለቀለት፤ ማንም አይደለም ብል ደግሞ የምደብቀው ሰው አለ ማለት ነው።

ከአምስታችን አንዱ የሆኑት አንጋፋው የስፖርት አስተማሪ ጋሽ ኸይሩ ሰዓታቸውን አዩ። «ኧረ በአላህ፣ ጁምዓ እያለፈኝ ነው። ግለ ሂሱን ያውርድና እንበተን።»

ተነሳሁ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ንጽጽሩ ስህተት ነው። የዝንብ ፕሮቲን ጠላትን ከገዛ አካሉ ለይቶ ያውቃል። እኛን ከእሱ ጋር ማወዳደር አልነበረብኝም።»

ጋሽ ኸይሩን ሳል መጣባቸው፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሽብሩ ቃል በቃል ጻፈው። «ጥልቅ ግለ ሂስ ነው፤ ሌሎቻችሁም ተማሩበት» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሞላልኝ። እስከ ዛሬ የገባው አይመስለኝም።

በዚያ ነጥብ ቡታጅራ ገባሁ። አዲሱ ርዕሰ መምህር ፋይሌን አገላብጠው «ራስህን በመተቸት የተመሰገንክ ነህ» አሉና ጠርናፊ አደረጉኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት አልማዝና የሦስት ዓመቱ የስልክ ትዳራችን ትዝ አሉኝ፤ ዘጋሁት። አፈርኩ፣ ግን ዘጋሁት።

ከተሰጡኝ አምስት ሰዎች አንዷ ገና ከኮሌጅ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ የነፍሳት ደም የሚለው ትምህርት ላይ ደርሻለሁ። ፕሮቲኖቹ ጀርም እንዴት እንደሚይዙ ልጆቹ አልገባቸውም። ጥሩ ምሳሌ ይኖርዎታል?»

ዞር ብዬ አየሁ። አራቱ አጀንዳቸውን ከፍተው፣ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቁኛል...

«ዝለይው» አልኳት። ቃለ ጉባኤው ላይም «ከጥልቅ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ አስጻፍኩ።