ጓድ ደርበው የገደሉኝ ጊዜ

ተዋናይ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልብሱን ለብሶ የሚጫወትና ልብሱን አላወልቅም ብሎ አገር የሚያስቸግር። በደርግ ጊዜ ለላሊበላ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን የደረሰው ሁለተኛው ነበር፤ ክቡር ጓድ ደርበው።

«ሰውየውን ሳልሆን ሰውየውን አልጫወትም!» ይሉ ነበር። ዓይነ ስውር ሆነው የተጫወቱ ሰሞን ዓይናቸውን ጨፍነው ገበያ ወርደው የሰው ገብስ ላይ ተቀመጡ። ባላባት የሆኑ ጊዜማ የቀበሌውን ሊቀመንበር «ና፣ በቅሎዬን ያዝ!» ብለው ታሰሩ። በቅሎ የላቸውም። እስር ቤት ሆነውም «ጭሰኞቼ መጥተው ያስፈቱኛል» ይሉ ነበር አሉ።

እኚያ ባላባት መድረክ ላይ ተኩሰው የገደሉት ጭሰኛ እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ሳየው እኔም የምር የሞትኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ የሺሃረግ ከተመልካቹ መሃል ተነስታ «ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። የሰፈሩ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱበት ጊዜ ስለነበር ሬሳዬ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። «ይኸው ቆሜ የለም ወይ?» ብላትም አልሰማችኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እኛ ቤት ሲበሉ ያደጉትን ጎረቤታችንን፣ ጓድ ደርበውን፣ «ደጄን እንዳይረግጥ!» አለች።

እሁድ ምሳ እየበላን በሩ ተንኳኳ። ጓድ ደርበው ናቸው፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለእርቅ እንደሚመጣው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ከኋላቸው የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ኪዳን ቆመዋል። ጓድ ደርበው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ።

«እትዬ የሺሃረግ፣ ልጅዎን ገድያለሁ። ስለ መድኃኔ ዓለም ይማሩኝ!»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ዝም በል!» አለችኝ እናቴ። «አንተ ሟቹ ነህ፤ በእርቁ ምን አገባህ?»

አባም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ድንጋዩ የትያትር ካርቶን አልነበረም፤ የጓድ ደርበው ላብ በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ሁለተኛ ትገድለዋለህ?» አለች።

«ምን ቆርጦኝ፣ እትዬ!»

ያን ጊዜ እናቴ ድንጋዩን በራሷ እጅ አንስታ ጣለችውና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ «ግባ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ» አለቻቸው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ባላባቱ ተኩሰው ሳቱኝ። የቡድኑ ኃላፊ በንዴት ጦፈ፤ እናቴ ብቻዋን አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲህ የእውነት የበደሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ የመጣ ግን በውሸት የገደሉኝ ጓድ ደርበው ብቻ ናቸው።