የኦቦ ቶላ ኮት

ቆሻሻ ሁሉ ተቃጥሎ መብራት ይሁን የሚል ጎረቤት አለኝ፤ እዚሁ ቡራዩ። ኢንጂነር ነው። «ጋሼ፣ መለየት ምን ያደርጋል? ሁሉንም ወደ ምድጃ!» ይለኛል። መብራቱን አልጠላም፤ በወጉ መጥቶልን ያውቃል እንዴ? ግን ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እሳት ይግባ ሲባል ሆዴ አይችልም። በወጣትነቴ ሰበታ ውስጥ ልዋጭ ነበርኩ።

ልዋጭን ታውቁት የለ? ሳፋና ጆግ ተሸክሞ ይዞራል፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ ፕላስቲክ ይሰጣል። የምተኛው በሰበሰብኩት ልብስ ላይ ነበር። ስለ ረሃቡ አላወራም። «ልዋጭ!» ስል በሩ ሁሉ ሲከፈት ግን፣ እሱ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን የኦቦ ቶላ ሚስት፣ አዴ ጫልቱ፣ አሮጌ ኮት ሰጥተውኝ ትልቁን ሳፋ መርጠው ገቡ። ባልየው ተፍኪ ገበያ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ እያለከለኩ ደረሱብኝ። ለካ ያላቸው ኮት እሱ ብቻ ነው! በማግስቱ ደግሞ ከሽማግሌዎች ጋር ሱሉልታ ሄደው ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ነው።

«አንተ! ኮቴን!»

«ሳፋዬን ያምጡልኝ፣ ኦቦ።»

«ሴትዮዋ ሊጥ አብኩታበታለች። ብሞትም አልሰጥም አለች!»

ምን ላድርግ? ያለ ሳፋው ነገ የምዞርበት የለኝም። ኦቦ ቶላ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፤ ደህና ቆዳ ጫማቸውን አወለቁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ኮታቸውን ሰጠኋቸው። በባዶ እግራቸው መሄዳቸው አሳዘነኝና ከጆንያዬ አንድ በረባሶ ጨመርኩላቸው፤ ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ማንም የማይፈልገው።

በማግስቱ በኮትና በበረባሶ ሽምግልና ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ አፈሩ። የልጅቷ አባት ግን ብዙ ጊዜ እግራቸውን ሲያይ ቆየ አሉ። ያኔ እርሻውን ለቤት ሠሪ ሸጦ፣ ከራሱ እስከ እግሩ አዲስ ለብሶ፣ ክረምት ሳይወጣ ባዶውን የሚቀር በዝቶ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ መሬቱን አልሸጠም፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ።

ከሰርጉ በኋላ ኦቦ ቶላ ፈልገው መጡ። ጫማቸውን ሊያስመልሱ መስሎኝ ቶሎ ከጆንያው ሥር ሸሸግኩት። እሳቸው ግን ትከሻዬን ቸብ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ያላገቡ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀርተውኛል። በረባሶ ስታገኝ፣ እንዳትጥልብኝ።»